የአእምሮ ሕመምተኛን በማኅበር እንደግፍ

ባለፉት ትምህርቶች ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ ወባና ስለ ልጆች ክትባት አንብበናል። ዛሬ የምናነበው ስለ ሌላ ዓይነት ሕመም ነው። ይህ ሕመም እንደ ቁስል አይታይም፤ እንደ ሳልም አይሰማም። በየመንደሩ ግን አለ። ብዙ ጊዜም በጓዳ ተደብቆ ይኖራል። ስሙ የአእምሮ ሕመም ነው።

በዚህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን እናያለን። አንደኛ፣ የአእምሮ ሕመም ምን እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ጠበልና ጸሎት ከሐኪም መድኃኒት ጋር እንዴት አብረው እንደሚሄዱ። ሦስተኛ፣ ጎረቤቶች ማኅበር አቋቁመው ሕመምተኛውንና ቤተሰቡን እንዴት እንደሚረዱ።

1. የአእምሮ ሕመም ምንድን ነው?

እግር ይሰበራል። ዓይን ይታመማል። ሆድ ይቆርጣል። አንጎልም እንደ ሌላው የአካል ክፍል ይታመማል። የምናስበው፣ የምናስታውሰው፣ የምንደሰተውና የምናዝነው በአንጎላችን ነው። የአንጎል ሥራ ሲታወክ የሰውየው ሐሳብ፣ ስሜትና ጠባይ ይለወጣል።

የአእምሮ ሕመም ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ሰው ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። ጎረቤቱ ሊገድለው የሚያደባ ይመስለዋል። ብቻውን ያወራል። ገላውን መታጠብ ይተዋል። ይህን ሐኪሞች ስኪዞፍሬኒያ ይሉታል። ሌላው ሰው ደግሞ ኀዘን ይጫነዋል። እንቅልፍ ያጣል። እህል አይቀምስም። እርሻው ጦም ሲያድር እያየ መነሣት ያቅተዋል። ይህ ስንፍና አይደለም። ድብርት የሚባል ሕመም ነው። ሌላው ደግሞ ለሳምንታት ሳይተኛ ይሮጣል፣ ይለፈልፋል፣ ከብቱን ሸጦ ገንዘቡን ይበትናል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ተመልሶ በኀዘን ይወድቃል።

እንዲህ ያለው ሕመም በእኛ መንደር ብቻ የወረደ ቁጣ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ በቡታጅራና በአካባቢው ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎች ተመረመሩ። በዚያም ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ ሕመም ከ1,000 ሰው ወደ 5 በሚጠጉት ላይ ተገኘ። የገጠር ሰዎች ናቸው፤ እንደ እኛው አራሽና ነጋዴ ናቸው።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? አንድ ብቻ ምክንያት የለውም። ከዘር ሊመጣ ይችላል። ከባድ ኀዘን፣ ጦርነት፣ ችግርና ድህነት ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። አንዳንድ እናቶች በወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታመማሉ። አረቄና ጫት ማብዛት ያባብሰዋል። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። ከሕመምተኛ ጋር በአንድ መሶብ መብላት፣ በአንድ ቤት ማደር አያስይዝም።

አንድ ነገር አጥብቀን እንያዝ። እኛ የምንኖረው ወባ ባለበት አገር ነው። ሰው ትኩሳት ይዞት በድንገት ከቃዠ፣ ከዘባረቀ ወይም ራሱን ከሳተ፣ አበደ ወይም ተለከፈ ብለን አንቀመጥ። ወባ አንጎሉ ላይ ወጥታበት ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። አንድ ቀን ማዘግየት ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

2. ሰንሰለቱን ማን ያስራል?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ አለው እንበል። ልጁ ጎበዝ አራሽ ነበር። ታመመ። ሌሊት እየተነሣ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። አንድ ቀን ክምር ሊያቃጥል ሲል ተያዘ። አባትየው ቀን ማሳ ላይ ነው፤ ሌሊት ልጁን ይጠብቃል። እናትየው ከልጁ ጋር ስለምትውል ገበያ መውጣት ትታለች። ታናሽ እህቱ ከትምህርት ቤት ቀረች። አንድ በሬ ተሸጠ። መሬቱ ለእኩል ተሰጠ። በመጨረሻ አባትየው ከምሰሶው ጋር በሰንሰለት አሰረው።

ይህ አባት ልጁን ጠልቶ ነውን? አይደለም። ልጁ ሐይቅ እንዳይገባ፣ ሰው እንዳይመታ፣ ሰውም እንዳይመታው ፈርቶ ነው። እንቅልፍም አጥቶ ነው። ስለዚህ አባትየውን በመስደብ ሰንሰለቱ አይፈታም።

ነገር ግን ሰንሰለት ሕመምን አያድንም። እግርን ያቆስላል። ጡንቻን ያሰልላል። የታሰረው ሰው ይቆጣል፣ ይፈራል፣ ሰውነቱንም ይንቃል። ሕመሙ ከመታሰሩ በፊት ከነበረው ይብሳል። ቤተሰቡም ያፍርና በሩን ይዘጋል። ጎረቤት መምጣት ያቆማል። ያን ጊዜ የታሰረው ልጁ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡ በሙሉ ታስሯል ማለት ነው።

ሰንሰለቱ የሚፈታው ሁለት ነገሮች ሲገኙ ነው። አንዱ መድኃኒት ነው። ሁለተኛው ቤተሰቡን የሚያሳርፍ ጎረቤት ነው። በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ ሕክምናው በቅርብ ጤና ጣቢያ መሰጠት ሲጀምር ታስረው የሚኖሩ ሕመምተኞች ቁጥር ቀንሷል። ለቤተሰብ ሌላ መንገድ ከተገኘለት በገዛ እጁ ሰንሰለቱን ይፈታል።

3. ደምቢያ ከወባ ምን ተማረ?

አባቶቻችን የሚያስታውሱት ነገር አለ። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ ሜዳ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ገባ። ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ተጽፏል። ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ሞተ። ከዚያ መቅሠፍት በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የኮሌጁ ተማሪዎችም እዚህ ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ እየመጡ ሥራ ይማሩ ነበር። ያ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ያን ጊዜ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ብዙ ሰው አያውቅም ነበር። ዛሬ እናውቃለን። አጎበር እንዘረጋለን። ያቆረ ውሃ እናፋስሳለን። ክኒን እንውጣለን። ይህን ስናደርግ ጸሎት ተውን? አልተውንም። ልጅ ሲታመም እናት ስለት ትሳላለች፤ ልጁንም አዝላ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ሁለቱንም ታደርጋለች። ማንም «ክኒን ስለሰጠሽው እምነት የለሽም» አይላትም።

ታዲያ ለወባ የተፈቀደው ለአእምሮ ሕመም ለምን ይከለከላል?

4. ጠበልና ክኒን ይጣላሉ ወይ?

ይህን ጥያቄ በማታው ትምህርት ላይ አንድ አባት ጠይቀውናል። «ጠበል የገባ ሰው ክኒን ከዋጠ ጠበሉ አይሠራለትም ይባላል። እናንተ ምን ትላላችሁ?» አሉን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ በልቡ ይዞ ኖሯል ማለት ነው። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በችኮላ አይመለስም።

መጀመሪያ የሆነውን እንናገር። በአገራችን የአእምሮ ሕመም የደረሰበት ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠበል ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን ቁርኣን ያስቀራሉ፤ ዱዓ ያስደርጋሉ። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም። ለረጅም ዘመን ለእነዚህ ሕመምተኞች በሩን ከፍቶ የተቀበላቸው የእምነት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ እንኳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ዋናው የአእምሮ ሕክምና ቦታ እሱ ነበር። ከደምቢያ አዲስ አበባ ድረስ ስንቱ ሰው ሊሄድ ይችል ነበር?

ደግሞም የእምነት ቦታ ሐኪም የማይሰጠውን ነገር ይሰጣል። ሕመምተኛው እዚያ በክርስትና ስሙ ይጠራል። ከሰው ጋር ይቆማል፤ ከሰው ጋር ይጸልያል። «ተስፋ አለህ» የሚለው ሰው ያገኛል። ሰው ሁሉ የሸሸው ሰው፣ ቄሱ እጃቸውን ራሱ ላይ ሲጭኑበት የሰውነቱ ክብር ይታወሰዋል። ይህ መንፈሳዊ ድጋፍ ይባላል። ለመዳን ትልቅ ጉልበት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ክኒኑ እንዲቋረጥ ሲደረግ ነው። መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ ሕመምተኛው ራሱ «ሐኪሙም አላዳነኝ፤ ጠበሉም አላዳነኝ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ከሁለቱም ይወጣል።

በአገራችን ይህ ጥያቄ በሌላ በሽታም ተነሥቶ ነበር። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ በእንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ ብዙ ሕመምተኞች ክኒኑን ትተው ነበር። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ስለሆኑ አብሮ መውሰድ እንደሚገባ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ በዚያው በእንጦጦ የአእምሮ ሐኪሞችና የጠበሉ ካህናት ተነጋግረው ሕመምተኞቹ እየተጠመቁ እንዲታከሙ ማድረግ ጀምረዋል።

በናይጄሪያና በጋናም እንዲሁ ተሞክሯል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ኖሮባቸው በጸሎት ቤትና በባህል መድኃኒተኛ ዘንድ ያሉ 307 ሰዎች ተመርጠው ጥናት ተደረገ። በአንዳንዶቹ ቦታዎች የጤና ባለሙያዎች እዚያው ድረስ እየሄዱ መድኃኒት ይሰጡ ነበር፤ ፈዋሾቹም ጸሎታቸውን አላቋረጡም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 እንደተነገረው፣ ሐኪምና ፈዋሽ አብረው የሠሩባቸው ቦታዎች ሕመምተኞች ከሌሎቹ ይበልጥ ተሻላቸው።

ስለዚህ ለአባታችን የሰጠነው መልስ ይህ ነው። ጠበልና ክኒን አይጣሉም። የሚያጣሏቸው ሰዎች ናቸው። ወደ ጠበል ስንሄድ ክኒኑን ይዘን እንሂድ። ለካህኑም እንንገራቸው። ስለ ጾም ጥያቄ ካለን የንስሐ አባታችንን እንጠይቅ። ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት እንዳለንም እናስረዳቸው። ሙስሊሙም በረመዳን ጊዜ ሼኩንና ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሌላም የምንለው አለ። መንፈሳዊ ድጋፍ ስንል ዱላ ማለታችን አይደለም። ማስራብ፣ ማሰር፣ መግረፍ፣ በጢስ ማፈን ድጋፍ አይደሉም። ሕመምተኛውን «በኃጢአትህ ነው» ማለትም ሸክም መጨመር ነው። «እገሌ በልቶት ነው፤ የእገሌ ቡዳ ነው» ማለት ደግሞ ሁለት ቤት ያፈርሳል። ሕመምተኛው አይድንም፤ ንጹሕ ጎረቤትም ይጠላል።

5. ሌሎች ሰዎች ምን አደረጉ?

በአውሮፓ ቤልጅየም በሚባል አገር ጌል የምትባል ከተማ አለች። በዚያች ከተማ በቅድስት ዲምፍና ስም የታነጸ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ የአእምሮ ሕመምተኞች ለመዳን ወደዚያ ይሄዱ ነበር። ማደሪያው ሲጠብ የከተማው ሰዎች ሕመምተኞቹን በየቤታቸው ይቀበሉ ጀመር። ሕመምተኞቹም ከባለቤቶቹ ጋር ያርሳሉ፣ ይበላሉ፣ ይኖራሉ። ይህ ልማድ ዛሬም አልቀረም፤ አሁን ሐኪሞች ያግዙታል። አጀማመሩ የእኛን ጠበል ቦታ ይመስላል።

በናይጄሪያ ደግሞ በአቤኦኩታ ከተማ ቶማስ አዴኦዬ ላምቦ የሚባል ሐኪም ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 አዲስ ነገር ጀመረ። ሕመምተኞቹን በሆስፒታል ቆልፎ አላስቀመጠም። በሆስፒታሉ ዙሪያ ባሉ የገበሬ መንደሮች ከዘመዶቻቸው ጋር አኖራቸው። ቀን ይታከማሉ፤ ማታ ከመንደሩ ሰው ጋር ይኖራሉ። የአገሩን ባህላዊ ፈዋሾችም አላራቀም፤ አብረውት እንዲሠሩ አደረገ።

በዚምባብዌ በሐራሬ ከተማ የተጀመረም ሥራ አለ። በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣል። ሥልጠና ያገኙ አሮጊት እናቶች እዚያ ተቀምጠው ሐሳብ የበዛበትን ሰው ያዳምጣሉ። ይህን ሥራ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 የጀመረው ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ነው። ሴቶቹ ከምክሩ በኋላ በቡድን ይሰበሰባሉ። እየተጨዋወቱ ከላስቲክ ቦርሳ ይሠራሉ፤ ይሸጣሉ። ልብም ኪስም ይጠገናል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ቅድም ባነሣነው በሶዶ ወረዳ 166 የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞችን ያሳተፈ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2014 ዓ.ም. ወጣ። ሁሉም በጤና ጣቢያ መድኃኒት ያገኙ ነበር። ለግማሾቹ ግን ሌላ ተጨመረ። ሐኪም ያልሆኑ፣ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤት ለቤት ይጠይቋቸዋል። ወደ ሥራ እንዲመለሱ ያግዟቸዋል። ከእድር መሪዎችና ከካህናት ጋር ይነጋገሩላቸዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ እነዚህኞቹ መድኃኒት ብቻ ከሚያገኙት የተሻለ ሥራቸውን መሥራትና ራሳቸውን መቻል ጀመሩ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። መድኃኒት ያስፈልጋል፤ መድኃኒት ብቻውን ግን አይበቃም። ሰው የሚድነው ከሰው ጋር ነው።

6. ማኅበሩ እንዴት ይቋቋማል?

ማኅበር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የጽዋ ማኅበር አለን። ሰንበቴ አለን። እድር አለን። እርሻ ሲበዛብን ደቦና ወንፈል እንጠራለን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባል የለም? የአእምሮ ሕመም ሸክም ግን እስከ ዛሬ ለአንድ ቤት ብቻ ተትቷል። ይህንንም እንከፋፈለው።

ሀ. አባላት። ሕመም የደረሰባቸው ከ6 እስከ 10 ቤተሰቦች ይሰብሰቡ። የተሻለው ሕመምተኛ ራሱ ዋና አባል ይሁን። የሕመሙን መንገድ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። «እኔም ድምፅ እሰማ ነበር፤ አሁን አርሳለሁ» የሚል አንድ ሰው ከመቶ መካሪ ይበልጣል።

ለ. ጊዜና ቦታ። በወር አንድ ቀን ይበቃል። ከቅዳሴ በኋላ ወይም በገበያ ቀን ቢሆን ይመቻል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው የሚሰበሰቡ ከሆነ እድሩ ቤት ይሻላል። እያንዳንዱ በየእምነቱ ይጸልይ።

ሐ. መሪ። እንደ ጽዋ ማኅበር አንድ ሙሴ ይመረጥ። አንዲት ሴትም ከመሪዎቹ ትኑር፤ ሕመምተኛን ቀንና ሌሊት የሚጠብቁት አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና እህቶች ናቸውና።

መ. ደንብ። አራት ደንብ ይበቃል። አንደኛ፣ እዚህ የተነገረ ከዚህ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ሁሉም በተራው ይናገራል፤ መናገር ያልፈለገ አይገደድም። ሦስተኛ፣ ማንም ማንንም «መድኃኒትህን ተው» አይልም። አራተኛ፣ ማንም «እብድ» ተብሎ አይጠራም፤ በስሙ ይጠራል።

የመጀመሪያው ደንብ ከሁሉ ይበልጣል። በማታው ትምህርት አንዲት እናት «በሽተኛ እንዳለን ከታወቀ ለልጄ ማን ለትዳር ይመጣል?» ብለውናል። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ማኅበሩ ምስጢር መጠበቅ ካልቻለ ባይቋቋም ይሻላል። ምስጢር ከተጠበቀ ግን አንዱ ቤት ለሌላው ቤት በሩን ይከፍታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለውን እናስብ።

ሠ. ሥራ። ማኅበሩ ለወሬ ብቻ አይሰብሰብ። በክረምት የሕመምተኛው ማሳ ጦም እንዳያድር በወንፈል እንረስለት። በአጨዳም እንድረስለት። በሳምንት አንድ ቀን ሌላ ሰው ሕመምተኛውን ይጠብቅ፤ እናትየው ገበያ ትሂድ፣ ቤተ ክርስቲያን ትሳም ወይም ትተኛ። የተሻለው ሰው ቀላል ሥራ ይሰጠው። ከብት ይጠብቅ፣ ሽንብራ ይልቀም፣ አረም ይንቀል። ሥራ ሰውን ወደ ሰው ይመልሳል።

ረ. መዋጮ። ትንሽ ገንዘብ በየወሩ ይዋጣ። ለመኪና ተሳፋሪ ክፍያና ለመድኃኒት ይሆናል። ከቆላ ድባ ጎንደር ወደ 35 ኪ.ሜ. ነው፤ ሁለት ሰው ደርሶ መልስ ለመሄድ ገንዘብ ይፈልጋል። የጤና መድን አባል መሆንም ወጪውን ያቀልላል። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም ስለሚኖር መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት አስቀድሞ ማምጣት ብልኅነት ነው።

7. ፊደል የቆጠረ ሰው ሥራ

እናንተ አሁን ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። ይህ ችሎታ ለዚህ ሥራ ይፈለጋል። ከማኅበሩ አንድ ሰው ጸሐፊ ይሁን። አንድ ደብተር ይግዛ። በደብተሩ ላይ አራት መስመር ያስምር። የሕመምተኛውን ስም፣ የመድኃኒቱን ስም፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ይጻፍ። ደብተሩም በሳጥን ይቆለፍ።

ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የመድኃኒት ፖስታ እናንብብ። ካልገባን ባለሙያውን እንጠይቅ። አንዳንዱ መድኃኒት በየቀኑ የሚዋጥ ነው። አንዳንዱ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ ነው። አንዳንዱ እንቅልፍ ያመጣል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ሰውነት ያደርቃል፣ ወይም ብርቱ ረኃብ ያመጣል። ይህ ሲደርስ መድኃኒቱን አንጣለው። ለባለሙያው እንንገረው፤ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ይለውጠዋል። እርጉዝ የሆነች ወይም ለመውለድ ያሰበች ሴት ይህንኑ ለሐኪሙ አስቀድማ ትንገር፤ ጽንስ የሚጎዳ መድኃኒት አለና። መድኃኒት እየወሰዱ አረቄ መጠጣትም ጎጂ ነው።

ለሕክምና መጀመሪያ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ከዚያ ወደ ቆላ ድባ ሆስፒታል ይላካል። ሕመሙ ከጠና ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሄዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም መንገዱን ታሳያለች።

8. አስቸኳይ የሆነ ነገር

የሚከተሉት ከታዩ ቀጠሮ አንጠብቅ። ሕመምተኛው እህልና ውሃ ከተወ፣ አራስ የሆነች እናት ራሷን ወይም ሕፃኗን ልትጎዳ ከቃጣች፣ ወይም ሰው «መሞት ይሻለኛል» ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ።

«የሚሞት ሰው አይናገርም» የሚባለው ስሕተት ነው። የተናገረውን እንመነው። አንቆጣው፤ አንሳቅበት። «እንዲህ እስኪያሰኝህ ድረስ ምን ደረሰብህ?» ብለን ቁጭ ብለን እንስማው። ብቻውን አንተወው። የተባይ መርዝ፣ ገመድና መሣሪያ ከቤት እናርቅ። የሰብል መርዝ በማንኛውም ቤት ቢሆን ተቆልፎ መቀመጥ አለበት።

9. የሚድን ሰው ስንት ነው?

ሁሉም ሰው ፈጽሞ ይድናል ብለን አንዋሽም። አንዳንዱ ታሞ ይድናል፤ ሕመሙም አይመለስበትም። አንዳንዱ እየተሻለው እየተመለሰበት ይኖራል። አንዳንዱ ዕድሜውን ሙሉ መድኃኒት ይወስዳል። ግን መድኃኒት እየወሰደ የሚያርስ፣ የሚያገባ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ብዙ ነው። መዳን ማለት ሕመሙ ጨርሶ መጥፋት ብቻ አይደለም። ከጓዳ ወጥቶ ከሰው ጋር መብላት መዳን ነው። በደቦ መጠራት መዳን ነው። በማኅበር ተራው ደርሶት ጽዋ ማውጣት መዳን ነው።

ይህ የሚሆነው በሐኪም ብቻ አይደለም፤ በካህን ብቻም አይደለም። ጎረቤት ሲጨመርበት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደተባለው፣ እኛም ብናብር የታሰረውን እንፈታለን።

ጥያቄዎች

1. ትኩሳት ያለበት ሰው በድንገት ቢዘባርቅ ምን እናደርጋለን? ለምን?
2. ቤተሰብ ሕመምተኛውን በሰንሰለት የሚያስረው ለምንድን ነው? ሰንሰለቱን ለመፍታት ምን ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ?
3. ጠበል የሚጠመቅ ሰው ክኒኑን ምን ያድርገው?
4. ከማኅበሩ አራት ደንቦች የትኛው ይበልጥባችኋል? በክፍል ተወያዩበት።
5. ስሌት፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ 3,000 ጎልማሶች አሉ። ከ1,000 ሰው 5 ቢታመም በቀበሌው ስንት ሕመምተኛ ይኖራል? ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን በስም ታውቃላችሁ? ስማቸውን አትጻፉ፤ በልባችሁ ያዙት። በዚህ ሳምንት ግን ከእነሱ የአንዱን ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።